«አልሰማሁም» ያለችው ተማሪ

አንዲት የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ አሉ የኔታ። ይህን ያሉት ላቀው የተባለው ደቀ መዝሙራቸው ከትርጓሜው ጉባኤ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «የኔታ፣ ዛሬ ሁሉም ‹ገባን› ሲሉ እኔም ‹ገባኝ› አልኩ። ግን አልገባኝም። ጓደኞቼ ፊት ከማፍር ብዬ ነው። እንዲህ ብሎ ማለፍ ነውር አለው?» ብሎ ስለጠየቃቸው ነው። የኔታ አለውም የለውም አላሉትም። እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱትና ቀጠሉ።

ልጅቷ ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ጭምት ነበረች። ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የልብ ማዳመጫ ታውቀው የለ? ያን መሣሪያ ለመልመድ ያልሆነችው አልነበረም። የራሷን ደረት ታዳምጣለች። እሱ ሲሰለቻት አብረዋት የሚያድሩትን ልጆች እያጋደመች ታዳምጣለች። «ደግሞ መጣች፤ ደረታችሁን ደብቁ!» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። የጤነኛ ልብ ድምፅ ሁለት ምት ነው፤ አንዱ ወፈር ያለ፣ ሌላው ቀጠን ያለ። እሱን አወቀችው። የታመመ ልብ ድምፅ ግን እምቢ አላት።

አስተማሪያቸው ስመ ጥር ሐኪም ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ ግን የማይምር። አንድ ቀን የበሽተኛ ልብ አዳምጣ ስትሳሳት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጆሮ የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ሌላ ጊዜ እንዲህ ከሆንሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ» አላት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ በዚህ ዓመት ካልሆነላት ትምህርቱን ትታ ትዳር ይዛ እንደምትቀመጥ ቁርጡን ነግሯታል። ዓመቱን መድገም ማለት ለእሷ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነበር።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ አንድ ሽማግሌ ወደተኛበት አልጋ መጣ። ሽማግሌው የልብ በሽተኛ ነው፤ ሰንብቶ ተሽሎታል፣ ከሰዓት ወደ ቤቱ እንደሚሄድም ተነግሮታል። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ጋቢውን አጣጥፎ ዱላውን አጠገቡ አስደግፏል። ሐኪሙ የራሱን ማዳመጫ ሽማግሌው ደረት ላይ አሳረፈና አዳመጠ። «በሁለቱ ምቶች መሃል፣ ነፋስ በበር ስንጥቅ ሲገባ የሚመስል ድምፅ አለ። ይህን ድምፅ ለይቶ የማያውቅ ሐኪም አይባልም። ተራ በተራ ስሙ» አለና ማዳመጫውን ከፊቱ ለቆመው ተማሪ አቀበለው።

ተማሪው ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «ሰምቻለሁ» ብሎ አሳለፈው። ቀጥላ የቆመችው ዓይኗን ጨፍና፣ «ጥርት ብሎ ይሰማል» አለች። ሌላው ጭራሽ ድምፁን በአፉ ለማስመሰል ሞከረ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ እሷ ጋ ደረሰ።

ጆሮዋ ላይ ሰካችው። ጭጭ። ነፋሱ ይቅርና የምታውቃቸው ሁለቱ ምቶች እንኳ የሉም። ቦታ ቀየረች፤ ያው ነው። ላብ አጠመቃት። ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን ያያል፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። «እ?» አላት። የሚፈለግባት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ያችን ቃል ብትል ማንም አያውቅባትም፣ ዓመቱም በሰላም ያልፋል። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ እግሯን ረገጥ አደረገቻት፤ በይና ገላገይን ማለቷ ነው።

«አልሰማሁም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም፣ ዶክተር። የልብ ምታቸውንም አልሰማሁት።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። የሐኪሙ ፊት ተኮሳተረ። «እንግዲያው አባታችን ሞተዋል በይኛ!» አላት። ይሄኔ ሽማግሌው ራሱ ሳቀ። እሷ ግን ማዳመጫውን በሁለት እጇ ዘርግታለት ቆመች። ቃሏን አላጠፈችም። ጀግና አሳዩኝ ብትለኝ፣ ልጄ፣ ያችን ልጅ ነው የማሳይህ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ነጠቃትና ራሱ ሞከረው። ለእሱም ምንም አልተሰማውም። ከጆሮው አውጥቶ አገላብጦ አየው። የዚያ ዓይነቱ ማዳመጫ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ሰፋ ያለ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ፣ ሌላው ጠበብ ያለ። ዞር ሲል አንዱ ይከፈትና ሌላው ይዘጋል። ሐኪሙ ገና ሲያቀብል ዞሮ ኖሯል። ያ ሁሉ ተማሪ የተዘጋውን ፊት ደረት ላይ ለጥፎ ነው ጥርት ብሎ የተሰማው!

ሐኪሙ ማንንም አልተቆጣም። አንድ በአንድ አያቸው፤ እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዚያ ማዳመጫውን አዙሮ ልጅቷን አስጠጋና እጇን ከነማዳመጫው ሽማግሌው ደረት ላይ አሳረፈላት። «በይ፣ ከመጀመሪያው እንስማ» አላት። ሰማች። ሁለቱን ምት ሰማች፣ በመሃላቸውም ያን ነፋስ። ዕንባዋ መጣ። «ከጀመርን ጀርባቸውንም እንይ» አለና ሽማግሌውን ቀና አድርገው አዳመጡ። ከሳንባው ሥር፣ ጨው እሳት ላይ ሲንጣጣ የሚመስል፣ ትናንት ያልነበረ ድምፅ ነበር። ሐኪሙ ደነገጠ። ሳንባው ውሃ መቋጠር ጀምሯል።

«ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም» አለ። «መንገድ ላይ ልንገድላቸው ነበር።»

የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ጋቢውን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰው እኔ ነኝ» አሉ። «በልቧ የነበረውንም የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ተኝቼ ሳለሁ እየመጣች ታዳምጠኝ ነበር። አሁን የሰው ልብ የምታክም ትልቅ ሐኪም ናት፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

«አንተም ነገ ወንበር ዘርግተህ ታስተምራለህ። ዛሬ ‹ገባኝ› ብለህ የዘለልከውን ቃል አንድ ቀን የጨነቀው ሰው ይዞብህ ይመጣል፤ እኔ ደረቴን ገልጬ እንደተኛሁት አምኖህ። የተዘጋውን ፊት ለጥፈህ ‹ሰምቻለሁ› ትለዋለህ? እሱ እኮ አመስግኖህ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚያገኘውን ግን አታይለትም። ደግሞም ልጄ፣ ዛሬ ቃሉን ሳቀብላችሁ አዙሬው እንደሆነስ? አልገባኝም የሚለኝ ሰው ከሌለ በምን አውቃለሁ? በል፣ መጽሐፉን ግለጠው። ከመጀመሪያው እንስማ።»