ሰርግ የሄደው ፈቃድ

በአንድ የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ምላሱ የሰላ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ስቱዲዮው ሥዕል ለሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ፕለጊን የሚባል አዲስ ተጨማሪ ፕሮግራም ገዛ። ፕለጊኑ በየኮምፒውተሩ የሚሠራው በኔትወርኩ በኩል ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያው የፈቃዱ ፋይል ሌት ተቀን በማይጠፋው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልዑልሰገድ ግን "በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ፈቃድ ሰጪ ማነው?" ብለው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አስጫኑት።

አርብ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው፣ ቢሯቸውን ቆልፈው፣ ስልካቸውንም ዘግተው ሰርግ ሄዱ። የሠራተኛው ስክሪን ሁሉ "ፈቃድ አልተገኘም" ብሎ ቆመ። በዕለቱ ለደንበኛ መድረስ የነበረበት የካርቱን ማስታወቂያም ሳይደርስ ቀረ።

ሰኞ አቶ ልዑልሰገድ ሠራተኛውን ሰብስበው ባለሙያውን ከፊት አቆሙት።

"ስማ አንተ፣ ያለ ፈቃድ ሥራ ማቆም እንደሚያስባርር ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

"ታዲያ እንዴት ደፈራችሁ?"

"ያለ ፈቃድ ማቆሙ አልከበደንም፤ ያቃተን ያለ ፈቃድ መሥራቱ ነው። ሌላ ጊዜ ሰርግ ሲጠሩ ፈቃድዎን ለዘበኛው ይተዉልን፤ እሱ ቅዳሜና እሁድም አይጠፋም።"