የአይጦቹ የፀጉር ምርመራ

ተረት ልጀምር፤ እናንተም «ቀጥል» በሉኝ።

ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ቡላና ጥቁር አይጦች አብረው ይኖሩ ነበር። ሁልጊዜ መስከረም ሲጠባ ይሰለፋሉ፤ ጥቁሩ ሽማግሌ አይጥ የእያንዳንዱን ፀጉር ያያል። ሁሉም ሲወለዱ እንደነበሩ ከሆኑ «የተለወጠ የለም!» ብሎ ያውጃል፤ ከዚያ ጭፈራ ነው።

አንዲት ቡላ አይጥን ግን ስጋት አላስቀምጥ አላት። ሰልፉን ትዞራለች፣ ሰማይ ሰማይ ታያለች። እላይ ጭልፊት ያንዣብባል፤ ቡላ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ላይ ከሩቅ ይታየዋል።

«አባባ፣ መንደራችን እየተለወጠ ነው» አለችው።

«ማን ተለወጠ? አንቺ ጠቁረሻል?»

«እኔማ ያው ነኝ። ግን አምና ግማሹ ሰልፍ ቡላ ነበር። ዛሬ ዞሬ ዞሬ የማገኘው አንድ ሁለት ነው!»

«እኔ የማየው የመጣውን ነው። የቀረውን ምኑን ልመርምር? ሂጂ ተሰለፊ!»

በዓመቱ ሽማግሌው እንደ ልማዱ «ቡሎች ቅደሙ!» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመጣም። ትንሽ ጠበቀና ጥቁሮቹን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ሲወለዱ እንደነበሩ ናቸው።

«የተለወጠ የለም!» ብሎ አወጀ።

ሜዳው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ጨፈረ።