የማንጠግቦሽ ሊጥ ኩፍ ሲል

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ማንጠግቦሽ የሚሏት ሴት አንድ ልጇን ድራ ምራቷን ቤቷ አስገባች። በአገሯ ደንብ ሙሽራ የአባቷን ቤት ስም ከደጃፍ ትታ ነው የምትገባው። አማቷ ዳቦ በጀርባዋ ላይ ቆርሳ አዲስ ስም እስክታወጣላት ድረስ «አንቺ» ናት እንጂ ማንም አይደለችም። ዛሬ ደግሞ የሙሽራዋ አጎቶች ይመጣሉ። ዳቦ ካልተቆረሰ «ስም የሌላት ልጅ ትተን አንሄድም» ብለው ይዘዋት ይመለሳሉ። ማንጠግቦሽ በሠርጉ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ «የሱቅ ዳቦ አልቆርስም፤ በገዛ እጄ ጋግሬ ነው» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። ምን አናገራት? ዳቦ መጋገር ከተወች ዘመን ሆኗታል።

የሆነው ሆኖ አቦካች፤ ሊጡም ኩፍ አለ። የቀራት ዳቦው የሚጠቀለልበት የኮባ ቅጠል ብቻ ነው። ወደ ጓሮ ሮጠች።

«ኮባ ኮባ፣ ቅጠል ስጠኝ፤ ሊጤ ኩፍ ብሏል።»

ኮባውም ኩፍ አለ። ሊጡ በእርሾ፣ ኮባው በኩርፊያ። «አልሰጥም። ዳቦ በፌስታል ስታመላልሺ በአጠገቤ ስታልፊ አንድ ቀን ቀና ብለሽ አይተሽኛል? ከፈለግሽ ካራ አምጥተሽ ቁረጪ።»

ወደ ካራው ሄደች። «ካራ ካራ፣ ኮባውን ቁረጥልኝ። ኮባው ቅጠል አይሰጥም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

ካራውም ኩፍ አለ። «አልቆርጥም። ከሰል ስትቆሰቁሺብኝ ኖረሽ ዛሬ ቁረጥ ትይኛለሽ? ደንዣለሁ። ድንጋዩ ይሳለኝ።»

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። «ድንጋይ ድንጋይ፣ ካራውን ሳልልኝ። ካራው ኮባውን አይቆርጥም፣ ኮባው ቅጠል አይሰጥም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«አልስልም» አለ ድንጋዩ። «ደርቄ ነው ያለሁት። ውሃ አርከፍክፊብኝ።»

እንስራውን ገለበጠች፤ ጠብ የሚል የለም። ውሃውን ሊጡ ጨርሶታል። ወደ ውሃው ጉድጓድ ሮጠች። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ተጣራች። «ውሃ ውሃ፣ ድንጋዩን አርጥብልኝ። ድንጋዩ ካራውን አይስልም፣ ካራው ኮባውን አይቆርጥም፣ ኮባው ቅጠል አይሰጥም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዶቹ ወንዙን ተሻግረዋል።»

«አልወጣም» አለ ውሃው ከሥር። «እግር አለኝ እንዴ? ባልዲ አውርጂልኝ።»

ባልዲው ተደፍቶ ዶሮ ተቀምጦበታል። «ባልዲ ባልዲ፣ ውሃውን አውጣልኝ። ውሃው ድንጋዩን አያርስም፣ ድንጋዩ ካራውን አይስልም፣ ካራው ኮባውን አይቆርጥም፣ ኮባው ቅጠል አይሰጥም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዶቹ ወንዙን ተሻግረዋል።»

«አልወርድም» አለ ባልዲው። «ገመዴ ተበጥሷል። ወርጄ በዚያው ልቅር?»

ማንጠግቦሽ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እነሆ ልጅቷ ልትሄድ ነው፤ ቤቱ ዳግም ባዶ ሊሆን ነው፤ እሷ ባልዲ ትለማመጣለች። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገመድ ገማጁ ጎረቤቷ አያ ቢያድግልኝ ደጅ ደረሰች። ሽማግሌው ቃጫቸውን ፊታቸው ከምረው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ገመድ ይግመዱልኝ። ባልዲው ገመድ የለውም፣ ውሃው ባልዲ የለውም፣ ድንጋዩ ውሃ የለውም፣ ካራው አልተሳለም፣ ኮባው አልተቆረጠም፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እንግዶቹ ዳገቱን ጀምረዋል።»

«አልገምድም ልጄ» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«እርስዎም ኩፍ አሉ?»

«እኔስ ኩፍ አላልኩም። ገመድ የብቻ ሥራ አይደለም። ሰው ሁሉ የተገመደውን አምጣ ይለኛል፤ አጠገቤ ቁጭ የሚል ግን የለም። ቁጭ ብለሽ ቃጫውን ካሸሽልኝ፣ ጫፉን የሚይዝም ካገኘሽ፣ እሺ።»

«መቀመጫ ጊዜ የለኝም፣ አያ።»

«እንግዲያ ቆመሽ ጠብቂ።»

ምን ታድርግ? ተቀመጠች። ቃጫውን በመዳፏ ማሸት ጀመረች። ቃጫው ይፈታባታል፤ ዓይኗ ዳገቱ ላይ ነው። ጫፉን ማን ይያዝ?

በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ነጠላዋን ተከናንባ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። «እትዬ፣ ሊጡ ክዳኑን ገልብጦታል። ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«ግቢ አንቺ! ሙሽራ ደጅ ትወጣለች? ሰው ምን ይላል?»

«ማን ወጣች ይላሉ? ስም እንደሆን የለኝ» አለችና ሙሽራዋ ጫፉን ያዘች።

አያ ቢያድግልኝ ሳቅ አመለጣቸው። ማንጠግቦሽም ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቃጫው እሺ አላት። እሷ ታሻለች፣ ሽማግሌው ይቀጥላሉ፣ ልጅቷ ታጠማዝዛለች፤ ገመዱ ከመሀላቸው እየረዘመ ይሄዳል። ማንጠግቦሽ ደስ አላት። እንዲህ በእጇ አንድ ነገር ሲወጣ ማየት ደስ ይላት እንደነበር ትዝ አላት፤ ለምን እንደተወችው ግን ትዝ አላላትም። ለአንድ አፍታ ሊጡንም እንግዶቹንም ረሳቻቸው።

«በቃ፣ ይደርሳል» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

ኧረ ያኔ ማን ያቁማት! ገመዱ ባልዲውን አሰረ፣ ባልዲው ውሃውን አወጣ፣ ውሃው ድንጋዩን አራሰ፣ ድንጋዩ ካራውን ሳለ፣ ካራው ኮባውን ቆረጠ፣ ኮባው ቅጠሉን ሰጠ፣ ቅጠሉ ሊጡን አቀፈ፣ እሳቱም ከላይ ከታች ነደደ። እንግዶቹ ደጅ ደርሰው ሲያስሉ ዳቦው ወጣ። ሊጡ ብዙ ስለጠበቀ አንድ ጎኑ ሰመጥ ብሏል፤ ሽታው ግን አጎቶቹን ከሰላምታ በፊት ዝም አሰኛቸው።

ሙሽራዋ ጎንበስ አለች። ማንጠግቦሽ ትኩሱን ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አኖረችው። ስንት ቀን ያሰበችው ስም ነበራት፤ ወርቅም ዕንቁም ያለበት፣ አገር ጉድ የሚል ስም። አፏን ስትከፍት ጠፋት። የልጅቷን መዳፍ አየች፤ በቃጫ ቀልቷል። የራሷንም አየች፤ እሱም ቀልቷል።

«እጄነሽ» አለችና ዳቦውን ቆረሰችው።

 ትልቁ አጎት ስሙ ይያዝ አይያዝ ሊያዩ ፈልገው፣ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው «እጄነሽ?» አሉ።

«አቤት» አለች ልጅቷ።

አጎቶቹ ቁራሻቸውን በልተው መርቀው ብቻቸውን ተመለሱ። እኔ ተረቴን ሰጠሁ፤ እናንተ ደግሞ ቁራሹን።