ማግኔት ያለፈበት ስንዴ

አንድ ገበሬ ነበረ። ዝም ብሎ ገበሬም አይደል፤ ሞዴል ገበሬ! የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመዝሪያ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጎተራውን ቢከፍት ግን የዘር ስንዴው ውስጥ ነቀዝ ገብቶበታል።

ሰውየው ጨነቀው። ጎረቤቱን አያ ደምለውን ዘር ይለምን? ሞዴሉ? ሞቶ ነዋ የሚለምን!

የግብርና ባለሙያዋ ባንቺአምላክ፣ ዘርን በማግኔት አጠገብ ማሳለፍ ቶሎ እንዲበቅል ሊያግዘው እንደሚችል ነገረችው። ፊቱ በራ።

«ግን ጋሼ፣ አስቀድመው መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና ስንቱ እንዳጎነቆለ በሳምንቱ ይዩ። ማግኔት የሞተ አያስነሳም።»

«ይሁን ልጄ።»

ጠቀለለ? አልጠቀለለም! አንዱም ባይበቅልስ? ይህን እያሰበ እንዴት ይጠቅልል? ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ፈልቅቆ፣ ስንዴውን በእፍኝ በእፍኝ ሲያሳልፍበት ሰነበተ።

ሚስቱ እናኑ ታዘበችው። «አንተ ሰው፣ አንዲት ጭብጥ እንኳ አርጥበህ ብታይ ምናለበት?»

«ዝም በይ፤ ሳይንስ ነው!»

ዘራ። አምስት ቀን ሆነ፤ ምንም። ሰባት ቀን፤ ምንም። በየማለዳው ተንበርክኮ አፈሩ ላይ ያፈጥጣል። «ትንሽ ዘግይቶ ነው» ይላል። ለማን? ለራሱ!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ ሄደ። «አያ ደምለው፣ ትርፍ ዘር ይኖርህ ይሆን?»

አያ ደምለው እጁን በአፉ ጫነ። «ምነው ወንድሜ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ! አንድ ኩንታል ተርፎኝ ማን ይፈልገው ይሆን ስል ነበር። ማክሰኞ አስፈጨሁት።»

ወገኖቼ፣ በሰውየው ሳቃችሁ አይደል? እናንተስ የትኛውን ነገር ነው ላለማወቅ የምትሸሹት? እኔ ዘንድ ለጸሎት መጥታችሁ «ትዳሬን ባርኩልኝ» ትላላችሁ፤ ባላችሁን፣ ሚስታችሁን «ምን አስቀየምኩህ? ምን በደልኩሽ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ልጄን ገስጹልኝ» ትላላችሁ፤ ልጁ የት እንደሚውል ግን አትጠይቁም። መልሱ ያስፈራላ!

አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ ስምህን አልጠራም። ስታስል ደም እንደሚታይህ ነግረኸኝ ሦስት እሑድ እጄን ጭኜ ጸለይኩልህ። ተመርምረሃል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁህም። እኔም መልሱን ፈርቼ ነው።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ይከፈታል። በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ።