ልደት ያዩ ምስክሮች

አንዲት የዘጠና ዓመት ባልቴት የዓይን ሕክምና ተራ ሲደርሳቸው መታወቂያ አምጡ ተባሉ። መታወቂያው የልደት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ሦስት ምስክር። ባልቴቷም ዕድሜ የጠገቡ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ቀበሌ ገቡ።

ደንብ አክባሪነቱን ራሱ የሚመሰክረው ኃላፊ፣ አቶ ምንተስኖት፣ ሰዎቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል አሰልፎ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ትልቁ ምስክርዎ ገና የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። እርስዎ ሲወለዱ አልነበሩም። ያላየ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል?»

«እሱስ እውነትህን ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ሲወለዱ ያዩዎትን ሦስት ሰዎች ይዘው ይምጡ። አለዚያ አልፈርምም።»

የሐኪሙ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው። ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«እነሱማ አንድም ሳይቀሩ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝተዋል። መጥሪያውን ጻፍና ማኅተም አድርግበት፤ እኔም በቅርቡ ወደዚያው ስለምሄድ አደርስልሃለሁ። ብቻ አደራህን፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ‹መታወቂያችሁ አልታደሰም› ብለህ እንዳትመልሳቸው።»