ልቡ የወጣለት እንሰት

አንድ ሰው ነበረ። በእንሰት አገር የሚኖር፣ ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች ያሉት ገበሬ ነበረ።

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «እማዬ፣ ቃሉ ከአፌ ይወጣል እንጂ ልቤ ባዶ ነው። ባዶ ልብ ይዞ መጸለይ እግዚአብሔርን ማታለል አይሆንም ወይ? ብተወው አይሻልም?» አልሽኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መጽሐፍ ጠቅሼ የማስረዳ ሰው አይደለሁም። እናቴ ስለዚህ ገበሬ ትነግረኝ የነበረውን ግን አውቃለሁና እሱን ስሚኝ።

አንቺ ከተማ ስላደግሽ እንሰትን የምታውቂው ቆጮ ሆኖ ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው። እንሰት እንደ ገብስ በዓመቱ አይደርስም። ከአንድ መደብ ወደ ሌላ መደብ እየተዛወረ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። የሚተከለው ከቤት ጀርባ ነው፤ ምግቡም ከቤት የሚወጣው ነው። የበረቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ ጠዋት ጠዋት በቅርጫት እየሆነ ከሥሩ ይደፋል። ይህ ሥራ ለዓይን አይሞላም። አንድ ቀን ቢቀር እንሰቱ አይጠወልግም። ወር ቢቀርም ልብ የሚል ሰው የለም።

የገበሬው እናት በሕይወት ሳለች ቅርጫቷን ተሸክማ ስትዞር «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያው እንሰት ሥር ትጀምርና በመጨረሻው ሥር አሜን ትል ነበር። ከጓሮዋ አንድ ከነቀለች በቦታው አንድ ትተክላለች። በዓልም ሆነ ሐዘን፣ ይህን አዛብታ አታውቅም።

እሷ ካረፈች በኋላ ልጇ ለጥቂት ጊዜ እንደ እሷ አደረገ። ከዚያ ገብሱ ተከታትሎ ያማረባቸው ዓመታት መጡ። ለመስቀል ሁለት ሦስት እንሰት ይነቅላል፤ እንግዳ ሲመጣ ይነቅላል፤ መትከሉን ግን «ለከርሞ» እያለ ያሳድረዋል። ጓሮው ከሩቅ ሲታይ ያው ሙሉ ነው። የዛሬ ስንፍና የሚታየው ከሰባት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ሆኖ ኖረ። ጸሎቱም እንደዚያው ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ለበዓል ይሄዳል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ለጸሎት መቆሙን «ዛሬ ደክሞኛል» እያለ ተወው። እዚያም የጎደለ ነገር አልታየውም።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። አንድ ዓመት ቀረ፣ በሁለተኛውም ዓመት ቀረ። ገብሱ እርሻው ላይ ደረቀ። የደረሱትን እንሰቶች በሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ያልደረሱትን በሉ። መንደሩም ሁሉ እንደዚያው አደረገ። በሁለተኛው ዓመት ታናሺቱን ልጅ ትኩሳት ያዛት። አምስት ዓመቷ ነበር። ሰውነቷ ቀድሞ ስለተጎዳ በሽታውን የምትችልበት አቅም አልነበራትም፤ በስድስተኛው ቀን ሞተች።

ሲቀብሯት ካህኑ ጸሎቱን ሲጨርሱ ሕዝቡ አሜን አለ። አባትየው አፉን አልከፈተም። ፈጣሪን አላማረረም፣ ከማንም ጋር አልተጣላም። ከዚያ ቀን ወዲያ ጸሎትን ጭራሽ ተወው። ሚስቱ ለጸሎት ስትቆም ወደ ውጭ ይወጣል።

ከጓሮው የቀረችው አንዲት እንሰት ብቻ ሆነች። የሦስት ዓመት ናት፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር በቅላ ቁመቷ የሰው ያህል ሆናለች። አንድ ጠዋት ገበሬው ዶማና ቢላ ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ሥሯ አምቾ ይባላል፤ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ቆጥበው ከበሉት አራት ቀን ያቆያቸዋል።

ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት መበለት አሮጊት አጥሩን ተደግፈው ያዩታል።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉት።

«ልንበላት ነው፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያው ከዚያ ነው።»

«አራት ቀን ትበላታለህ። በአምስተኛው ቀን ዶማህን ነው የምትቀቅለው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። «ችግኝ ካለዎት ይስጡኝና ልትከል» አላቸው።

«ችግኝ ከየት ይመጣል? መንደሩ ሁሉ በልቶ ጨርሷል። የችግኙ እናት አንተው ፊት ቆማለች። አባትህ እንዴት እንደሚያደርግ አይተህ የለም?»

«አይቻለሁ። የምጠብቅበት ጉልበት ነው ያጣሁት።»

አሮጊቷ አጥሩን ዞረው ገቡ። «የአራት ቀን ቆጮ፣ ከቀበርኩበት ጉድጓድ ትወስዳለህ። ብዙ የለኝም፤ የአራት ቀን ግን አለኝ። ይህቺን ቅበራት።»

ገበሬው እሳቸውን አፍሮ እሺ አለ። ግንዷን ከሥሯ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ቆረጠው። ዙሪያውን ቆፍሮ አምቾዋን አወጣት። ቀጥሎ የሚሠራው ከባዱ ነው። እንሰት መሐሏ ላይ ነጭና ለስላሳ ነገር አላት፤ ቅጠሉ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። ልቧ እንለዋለን። ልቧ ካለ አንዲቷ ግንድ ብቻ ወደ ላይ ታድጋለች። ችግኝ የሚፈልግ ሰው ልቧን በቢላ ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። ላላየው ሰው መግደል ይመስላል።

ፈለፈለው። ነጩ ነገር መዳፉ ላይ ሆነ። ቆሞ ተመለከተው።

«የኔም እንዲሁ ነው የሆነው» አለ።

አሮጊቷ አይዞህ አላሉትም። «አውቃለሁ» አሉት። «በል ባዶውን ፍግ ሙላበት።»

ፍግና አመድ ሞላበት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫነበት፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ አፈር መለሰበት። ቀና ብሎ ሲያየው ጉብታው ትንሽ ነው። ልኩ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካለችው ከልጁ መቃብር ጉብታ ልክ ጋር አንድ ነበረ። ፊቱን አዞረ።

«አሁንስ ምን ይደረጋል?»

«አሁን ጠዋት ጠዋት የቤትህን ጥራጊ ይዘህ ትመጣለህ።»

«እናቴ ስትደፋ ትጸልይ ነበር። እኔ ጸሎት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ምን እላለሁ?»

«ያለህን ይዘህ ና ነው ያልኩህ። ያለህ ጥራጊ ከሆነ ጥራጊ ይዘህ ና።»

በማግሥቱ ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሲደፋ «አባታችን ሆይ» የሚለው ከአፉ ወጣ። የሚቀጥለው ግን አልመጣለትም፤ እዚያው ላይ አቁሞ ተመለሰ። እንደዚህ እያደረገ ሳምንታት አለፉ። ቃሏ ያችው አንዷ ናት፤ ጉብታውም ያው ደረቅ ጉብታ ነው።

አንድ ቀን ከታች ሰፈር የሚኖር ሰው ከጓደኞቹ ጋር በመንገዱ ሲያልፍ ቅርጫቱን ተሸክሞ አየው። ይህ ሰው ቀልደኛ ነው፤ ለክፋት አልነበረም። «ጎበዝ፣ ለመቃብር ቁርስ የሚያቀርብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አላቸው። ሳቁ።

ሰውየው ስለ ልጅቷ ማለቱ አልነበረም። ቃሉ ግን ያረፈው እዚያ ነው። ገበሬው ቅርጫቱን እዚያው አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። በማግሥቱ አልሄደም። በሦስተኛውም ቀን አልሄደም። ሳምንት ሞላው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ታላቂቱ ልጅ ራበኝ ብላ አለቀሰች። አባትየው ዶማውን አነሣ። አምቾዋ በስብሳም ከሆነ ይወቀው፣ ካልበሰበሰችም የተረፈው ይቀቀል ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ዶማውን ከፍ አድርጎ ሊመታ ሲል እጁ ቆመ። ጉብታው ላይ አመድ አለ። ነፋስ ገና ያልበተነው፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተደፋ አመድ ነው። ከሥሩ የትናንቱ አለ። ከዚያም ሥር ከትናንት በስቲያ የተደፋው።

ዞር ሲል ሚስቱ ባዶ ቅርጫት ይዛ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ካቆምክበት ቀን ጀምሮ።»

«ትበቅላለች ብለሽ አምነሽ ነው?»

«አንዳንድ ቀን አምናለሁ» አለችው። «አንዳንድ ቀን ቅርጫቱን ብቻ ነው የምሸከመው። ልጃችን ታማ እኔ መቆም ያቃተኝ ጊዜ ውሃ ከምንጭ ስታመላልስ የነበርክ አንተ አይደለህ? ታዲያ አሁን ተራው የኔ ነው። እኔም ደግሞ የምደክምበት ቀን ይመጣል።»

ዶማውን አወረደ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የበልግ ዝናብ ጣለ። በአራተኛው ቀን ሚስቱ ከጓሮ ሆና ጠራችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ሄዶ አየ። በድንጋዩ ዙሪያ አፈሩን ሰንጥቆ የወጣ አረንጓዴ ነገር አለ፤ የሕፃን ጣት ጫፍ ያህላል። አንድ አልነበረም። ከልቧ ቦታ አንድም አልወጣም፤ ከጎን ከጎኗ ነው የበቀለው። እስከ አርባ ቆጥሮ ተወ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከና «አባታችን ሆይ» አለ። የሚቀጥለው መጣለት። እስከ አሜን ደረሰ። ሚስቱም አብራው አሜን አለች።

ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት አትጠይቂኝ። የአሮጊቷ ቆጮ፣ ዝናቡ ያበቀለው ጎመን፣ ሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ ብለው አለፉት። በዓመቱ ችግኞቹ ለመተከል ደረሱ። መንደሩ የራሱን በልቶ ስለጨረሰ ሰው ሁሉ ወደ ገበሬው ጓሮ መጣ። መጀመሪያ ለአሮጊቷ ሰጠ፤ ከዚያ ለመጣ ሁሉ ሰጠ።

ያ ቀልደኛም መጣ። አጥሩ ላይ ቆሞ መግባት አፈረ።

«የመቃብሩ ቁርስ ደረሰ መሰለኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ደርሷል» አለው ገበሬው። «ስንት ይበቃሃል?»

አሥር ችግኝ ከነአፈራቸው ነቅሎ ሰጠውና «ጥራጊ መድፋቱን እንዳትረሳ፤ የሚያልፍ ሰው ቢስቅብህም ዝም በል» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

ልጅቷ አልተመለሰችም። ገበሬው ያወጣው ልብም ወደ ቦታው አልገባም። የልጁ መታሰቢያ ቀን በመጣ ቁጥር ያለቅስ ነበር፤ እስኪያረጅ ድረስ። ጓሮው ግን ዳግመኛ ባዶ አልሆነም። የዚያ መንደር እንሰት ሁሉ ከዚያች ልቧ ከወጣ እንሰት የመጣ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ እንሰት አንቺ ነሽ። ባልሽ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ አልጋ ላይ ከዋለ ዓመት አለፈው። ከዚያ በፊት የነበረሽ ደስታ፣ ቅዳሴ ላይ እንባሽን የሚያመጣው ያ ለስላሳ ነገር ተፈልፍሎ ወጥቷል። እኔ እናትሽ አልወጣም ብዬ አልዋሽሽም። አንቺ ግን ልቤ ከወጣ ሥሬም ሞቷል ብለሽ ዶማ ልታነሺ ነው። ሥሩ አልሞተም። ቢሞት ኖሮ ባዶነቱ ባላመመሽ፣ ይህንንም ጥያቄ ይዘሽ ወደ እኔ ባልመጣሽ ነበር።

ባዶውን ይዘሽ ብትቀርቢ ማንንም አላታለልሽም፤ ባዶ መሆኑን ፈልፍሎ ያየው እግዚአብሔር ያውቀዋል። ስለዚህ ያለሽን ሙዪበት። ባልሽን ስታገላብጪ፣ ልብሱን ስታጥቢ፣ የማትፈልጊያትን ጎረቤት ደህና አደርሽ ስትዪ፣ አንዲት ቃል ብቻ ብለሽ ስታቋርጪ፣ ያ ሁሉ ወደ ሥሩ የሚደፋ ነው። በቀለ አልበቀለ ብለሽ በየቀኑ አትቆፍሪ። ሲበቅልም ከቀድሞው ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ከጎን ይሆናል፣ ምናልባትም ለሌላ ሰው የሚሆን ይሆናል።

ቅርጫቱን ማንሣት የማትችዪበት ቀን ደግሞ ይመጣል። ያን ቀን አስቀምጪው፤ አታፍሪ። ካለፈው እሑድ ጀምሮ ጠዋት ስነሣ ስምሽን እየጠራሁ ጥራጊሽን እኔ እያወጣሁልሽ ነው። እኔም አርጅቻለሁና የምደክምበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ከእጄ ትቀበዪኛለሽ።