የአስተዳዳሪው ቅልቅል

የወረዳው አስተዳዳሪ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ደፍሮ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

በዚያች ከተማ አንድ በያጅ በጠላ ሻጭ አከራዩ ግቢ ውስጥ ከአሮጌ መኪና ሞተር አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩ ግን ሲነሳ እየሳለ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። በያጁ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ሲነካካ አስተዳዳሪው ከዞን የመጡ እንግዶችን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ምን ሆኖ ነው የሚያስለው?»

«ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሶበት ነው፣ ክቡር አስተዳዳሪ። ቤንዚኑን ልቀንስለት ነው።»

«መቀነስ? እኔ በማስተዳድረው ወረዳ የሚቀነስ ነገር የለም፤ ይጨመርበት!» አሉና ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቀው የቤንዚኑን ብሎን ራሳቸው አዞሩት። ሞተሩ ግቢውን በጭስ ሞላው። አጃቢዎቻቸው እየሳሉ አጨበጨቡ።

«ይኸው አስተካከልኩልህ። በል አሁን እንግዶቹ እያዩ ብረር። እምቢ ካልክ ልማት በማደናቀፍ ትታሰራለህ!»

በያጁ ቢወጣ ሞት፣ ባይወጣ እስር ሆነበት።

ይሄኔ ጠላ ሻጯ ከጋኗ አጠገብ ተነስታ መጣችና፣ ክንፉ ላይ የተቀመጠውን ሄልሜት አንስታ በሁለት እጇ ለአስተዳዳሪው ዘረጋችላቸው።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አሉ ግራ ተጋብተው።

«ጌታዬ፣ እኔ ጠላ ስቀዳ መጀመሪያ ራሴ ቀምሼ ነው ለሰው የምሰጠው። ይሄን የቀላቀሉት እርስዎ ነዎት። እስቲ ይቅመሱልን፤ ደህና ከወረዱ የቀረውን እሱ ይጠጣዋል።»